መጠጡ ለእናት፥ ጡቱ ለሕፃን
የሚያጠቡ እናቶች ስለሚጠጧቸው የአብሽ፥ የእንስላልና የእህል መጠጦች ለገጠር እናቶችና ቤተ ሰቦች የተዘጋጀ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችሁ ስለሚታወቅ ነገር ነው። ይኸውም አራስ ወይም የምታጠባ እናት ወተቷ እንዲበረክት ብላ ስለምትጠጣው የአብሽ፥ የእንስላል፥ የአጃና የተልባ መጠጥ ነው። እኛ በዕድሜ ልጆቻችሁ ነን፤ ልጅ ወልዶ ማሳደግን ልናስተምራችሁ አልመጣንም። በትምህርት ያገኘነውን እናንተ በቤታችሁ ከምታውቁት ጋር አገናኝተን፥ የሚጠቅመው እንዲጠበቅ፥ የሚጎዳው እንዲቀር ለመመካከር ነው።

ነገሩ በአጭሩ ይኸ ነው። መጠጡ ለእናቲቱ ነው፤ ለሕፃኑ ግን ጡት ብቻ ነው። ይኸን የለየ ቤት ከመጠጡ ጥቅም ያገኛል። ያልለየ ቤት ግን በደግ አሳብ የተፈላው አብሽ ልጁን ሊያሳምምበት፥ አልፎም ሊያሳጣው ይችላል። እንዴት? ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ከሥሩ ጀምረን እንንገራችሁ።

ወተት ከምን ይመጣል?

ላም ያላት እናት ይኸን ነገር ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች። ሰውን ከከብት ማወዳደራችን ለምሳሌ ብቻ ነውና አትቀየሙን። የሀገራችን ላም ጥጃዋ ቀርቦ ጥቂት ካልጠባ በቀር ወተቷን አታወርድም፤ አላቢው ቢደክምም ትይዛለች። ደግሞ ሳትታለብ የሰነበተች ላም ትነጥፋለች። ሣሩና አተላው የቱንም ያህል ቢቀርብላት፥ የማትታለብ ላም ወተት አትሰጥም። መኖው ይረዳል እንጂ ወተቱን የሚጠራው ጥጃውና የአላቢው እጅ ነው።

የሰውም እናት እንዲሁ ናት። ሕፃኑ ጡቱን ሲስብ፥ ከእናቲቱ አንጎል ሥር ያለች የአተር ፍሬ የምታህል እጢ ሁለት ነገሮችን ወደ ደም ትለቃለች። አንደኛው ፕሮላክቲን ይባላል፤ ጡት ወተት እንዲሠራ ያዛል። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ይባላል፤ የተሠራውን ወተት ገፍቶ ያወርዳል። ፕሮላክቲን በሌሊት ይበረታል፤ ስለዚህ በሌሊት ማጥባት ለነገው ወተት ስንቅ ነው። ኦክሲቶሲን ደግሞ እናቲቱ ስትታመም፥ ስትደነግጥና ስትጨነቅ ይዘገያል፤ ልጇን ታቅፋ ልቧ ሲረጋ ግን ይፈስሳል። ጡት ሞልቶ ሳይጠባ ሲቆይ ደግሞ ወተት መሥራቱን ራሱ ይቀንሳል።

እንግዲህ ወተት የሚመጣው ልጁ ቶሎ ቶሎና በደንብ ሲጠባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀንና በሌሊት ቢያንስ 8 ጊዜ፥ እስከ 12 ጊዜም መጥባት አለበት። ሲጠባም የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ክብ ጭምር ይጉረስ። አፉ በሰፊው ይከፈት፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ፤ አገጩ ጡቱን ይንካ። ጫፉን ብቻ የያዘ ልጅ ጡቱን ያቆስላል እንጂ አይጠግብም።

ታዲያ መጠጡ ምን ይረዳል?

ይረዳል። ከእናት ጡት ወተት ከመቶው 87 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እናቲቱ በቀን ወደ ሦስት ሩብ ሊትር የሚጠጋ ወተት ትሰጣለች። ይኸን የምታወጣ ሴት ይጠማታል፤ ይርባታልም። ትኩስ አጥሚት ወይም የአብሽ መጠጥ ሲቀርብላት ጥሟን ትቆርጣለች፤ የእህሉ መጠጥም ጉልበት ይሆናታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመጠጣት ስትል ቁጭ ትላለች፥ ታርፋለች፥ ልጇን ትታቀፋለች። የአያቶቻችን ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አብሽ ራሱ ወተት ይጨምራልን? ለሚለው ጥያቄ፥ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. 41 ጥናቶችን አይቶ ነበር። በነዚያ ጥናቶች 3005 እናቶች ገብተዋል። የተገኘው ውጤት፥ አንዳንዶቹ ዕፀዋትና ምግቦች ወተት ይጨምሩ ይሆናል፥ ዳሩ ግን ማስረጃው ጠንካራ አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ እኛ አብሽን አንነቅፍም፤ ተስፋችሁን ሁሉ በአብሽ ላይ ጣሉ ግን አንልም። ከጥም አልፎ ብዙ ውኃ መጠጣትም ወተት አይጨምርም። የጠማት እናት ጥሟ እስኪቆርጥ ትጠጣ፤ በቂ ነው።

መጠጦቹና አዘገጃጀታቸው

አብሽ። ፍሬው ተለቅሞ፥ ታምሶ ይፈጫል። የሻገተ አብሽ አይሆንም፤ ይጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይዘፈዘፍና፥ ላዩ ላይ የሚቀረው መራራ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተደፋ ይለወጣል። ከዚያ ነጭ ሆኖ እስኪነፋ ድረስ ተመትቶ በፈላ ውኃ ይቀጠናል። ማር መጨመር ለእናቲቱ ደግ ነው። በቀን አንድ ሁለት ብርጭቆ ይበቃል። አብሽ የጠጣች እናት ላቧና ሽንቷ የአብሽ ሽታ ቢኖረው አትደንግጥ፤ ጉዳት የለውም። ሆዷን ከነፋት ወይም ካስቀመጣት ግን ትቀንስ። የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት አብሽ ስኳሯን ከመጠን በላይ ሊያወርድባት ስለሚችል፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድም ሴት እንዲሁ፥ አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ። ሽምብራ ወይም ለውዝ ሲበሉ ሰውነታቸው የሚያብጥና የሚያሳክካቸው አብሽን ይተዉ። ነፍሰ ጡርም አብሽን እንደ መድኃኒት እያበዛች አትጠጣ።

እንስላል። ከጓሮ የተለቀመ የደረቀ ፍሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ወቀጥ ተደርጎ የፈላ ውኃ ይፈስስበትና ተከድኖ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ተጠልሎ ይጠጣል። በቀን ከሁለት ስኒ አይበልጥ። በእንስላል ስም የተጠመቀ አረቄ ግን አረቄ ነው እንጂ የእንስላል ሻይ አይደለም።

የአጃ አጥሚት። ከሁሉም የምናመሰግነው ይኸን ነው፤ መጠጥም ምግብም ነውና። የአጃው ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ በሚፈላው ውኃ ላይ ይጨመርና እየተማሰለ በደንብ ይበስላል። ወተት ወይም ጥቂት ቅቤ ቢገባበት የበለጠ ያበረታል። አጃ የሌለው ቤት በገብስ ይሥራው።

ተልባና በሶ። ለጾም ቀን የሚመቹ ናቸው። ዳሩ ግን አንድ ነገር እናስጠንቅቃችሁ። አጥሚት በእሳት ይበስላል፤ ተልባና በሶ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣሉ። ውኃው ከወንዝ ወይም ካልተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ከሆነ፥ እናቲቱ ከተልባው ጋር ተቅማጡን ትጠጣለች። ስለዚህ ለተልባና ለበሶ የሚሆነው ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ቡናና ሻይ። የቡናው ኃይል በወተት በኩል ወደ ልጁ ይደርሳል። በቀን ሁለት ሦስት ስኒ አይጎዳም። ጧት፥ ቀትርና ማታ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ሳታስቀር የምትጠጣ እናት ግን ልጇ እንቅልፍ ቢያጣ አይግረማት። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ምግቡ ለደም የሚሰጠውን ብረት ስለሚያስቀሩ፥ ከተበላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

ሊርቁ የሚገባቸው። ጠላ ወተት ያመጣል ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሀቁ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያሰክር መጠጥ የወተቱን መውረድ ያዘገያል፥ ወደ ልጁም ይሻገራል። ኮሶ የምታጠባ እናት ፈጽሞ አትጠጣ፤ የኮሶ ትል ካለባት ከጤና ጣቢያ የሚስማማት መድኃኒት ይሰጣታል። ጤና አዳምም ጠንካራ ቅጠል ነው፤ ነፍሰ ጡር ትራቀው፤ ጭማቂውን ለሆድ ቁርጠት ብሎ ለሕፃን ማጠጣትም ይቅር።

ለሕፃኑስ?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከጡት በቀር ምንም አያሻውም። አብሽ፥ እንስላል፥ ስኳር በውኃ፥ ቅቤ፥ ማር፥ ሌላው ቀርቶ ባዶ ውኃም አያሻውም። በቆላ አገር፥ በበጋ ሐሩርም ቢሆን ጡቱ ለጥሙ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመክረው ይኸንኑ ነው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከመቶው 58 ነበሩ። የቀሩት ሌላ ነገር ይቀምሱ ነበር ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ቢጫና ወፍራም እንገር አይታለብ፥ አይደፋ። ጥቂት መሆኑ አያስፈራ፤ በዚያን ቀን ልጁ በአንድ ጊዜ የሚጠባው አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። እንገር ልጁን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ብንል አላጋነንም። ብዙው ወተት ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይመጣል። እነዚያን ቀኖች ሳይታገሡ ወደ አብሽ ውኃና ወደ ቅቤ የሚሮጡ ቤቶች ብዙ ናቸው። ማርም ቢሆን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ፤ በትንሽ ሆድ ውስጥ ጅማትን የሚያሰልል መርዝ ሊያወጣ የሚችል ተሕዋስ አንዳንድ ጊዜ ይገኝበታልና።

ለልጁ የሚሰጠው የአብሽ ውኃ ጉዳቱ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፥ ውኃውና ዕቃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ያመጣል። ሁለተኛ፥ ትንሹን ሆድ ይሞላና ልጁ ጡት ይተዋል። ጡቱ ሳይጠባ ሲቀር ወተቱ ይቀንሳል። ወተቱ ሲቀንስ እናቲቱ «ደረቀብኝ» ትላለች። ደረቀ ሲባል ለልጁ አብሽ ይጨመርለታል። ልጁም የባሰ ይተዋል። ወተት ያመጣል የተባለው ነገር ወተቱን ራሱ አነጠፈው ማለት ነው።

በቤት ለቤት ጉብኝታችን ካየነው አንዱን እንንገራችሁ። የሦስት ሳምንት ልጅ የያዘች አንዲት እናት ወተቷ እንደደረቀ ነገረችን። ልጁ ቀጥኗል፤ በቀን የሚጠባው አምስት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። አጠገቡ የአብሽ ውኃ ያለበት ጡጦ ተቀምጧል። አያትዮዋ ቆጣ ብለው፥ «እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግሁት በአብሽ ነው! እናንተ ዛሬ መጥታችሁ አብሽን ትነቅፋላችሁ?» አሉን።

«የለም እማማ፥ አንነቅፍም። ግን አንድ ነገር ይንገሩን፤ አብሹን ይጠጡ የነበሩት እርስዎ ነዎት ወይስ ልጆቹ?» ብለን ጠየቅን።

«እኔ ነኛ! አራሷ እኔ፥ ሌላ ማን ሊጠጣው ኖሯል?» አሉ።

«እንግዲያው እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው፤ እርስዎ እንዳደረጉት ይሁን» አልን። አያትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ጡጦውን ራሳቸው አንሥተው ወደ ጓዳ ወሰዱት። በዚያው ቀን ልጁ ጡት አያያዙ ተስተካክሎለት በየሁለት ሰዓቱ መጥባት ጀመረ፤ አብሹና አጥሚቱ ወደ እናቲቱ ዞረ። በየሁለት ቀኑ እየሄድን ሚዛን ላይ አወጣነው። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ ከፍ ማለቱን ስንነግራቸው እልል ያሉት እኚያው አያት ናቸው።

ወተቱ እንደሚበቃ በምን ይታወቃል?

ልጅ ስላለቀሰ ብቻ ወተት አነሰው ማለት አይደለም። ጡት ለስላሳ ስለ ሆነም ደርቋል ማለት አይደለም። ምልክቱ ሽንቱና ሚዛኑ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት ስድስት ጊዜና ከዚያም በላይ ጨርቁን የሚያረጥብ፥ ሽንቱም የነጣ ከሆነ እየጠገበ ነው። ልጆች በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጥቂት ይቀንሳሉ፤ በሁለት ሳምንት ግን ሲወለዱ የነበራቸውን ሚዛን መመለስ አለባቸው። ስለዚህ ጨርቁን ቁጠሩ፥ ልጁንም ወደ ጤና ኬላ ወስዳችሁ አስመዝኑ።

የውኃና የዕቃ ንጽሕና

የእናቲቱ መጠጥ የሚፈላበት ውኃ ተንተክትኮ መፍላት አለበት። በደጋ አገር ውኃ ገና ትኩሳቱ ሳይበረታ ስለሚፈላ፥ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። የፈላውን ውኃ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አኑሩት፤ እጅ እየነከራችሁ ሳይሆን እጀታ ባለው መቅጃ ቅዱት። ስኒውና ኩባያው በሳሙና ወይም በአመድ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ያደረ አብሽና ያደረ አጥሚት ለአራስ አይቅረብ፤ የሚበቃው ያህል በየጊዜው ይፈላ።

እናቲቱ ከማጥባቷ በፊት፥ ከመጸዳጃ ስትመለስና የልጁን ዓይነ ምድር ከጠረገች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ጡቱን በየጊዜው በሳሙና ማሸት ግን አያስፈልግም፤ ያደርቀዋል፥ ይሰነጣጥቀዋልም። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከቤት ይራቅ። ጡት መሳብ ላቃተው ልጅ ወተቱ በእጅ ታልቦ በንጹሕ ስኒ ይሰጠው።

የቤተ ሰብ ድርሻ

አባቶች ሆይ፥ ይኸ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ አትውጡ። የምታጠባ ሴት ከወትሮው በላይ በቀን ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ሽሮውና ምስሩ፥ ጎመኑ፥ ሲገኝም እንቁላሉና ወተቱ ለእርሷ ይቅደም። እንጨቱንና ውኃውን ሌላ ሰው ቢሸከምላት፥ ያ ደግሞ ከአንድ ጀበና አብሽ ይበልጣል። አማቶችና አያቶች፥ አራስ ጠያቂዎችም፥ «ወተትሽ ቀጭን ነው፤ ልጁ አልጠገበም» እያላችሁ አታስጨንቋት። ጭንቀት ወተት እንደሚይዝ ከላይ ተናግረናል። በጾም ወራትም የምታጠባ እናት ብቻዋን ከመወሰን የንስሐ አባቷን ወይም ሼኳን ታማክር።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል?

ልጁ ለመጥባት ከደከመ፥ ሽንቱ ከቀነሰ፥ ካተኮሰው፥ ካስቀመጠው፥ ወይም በሁለት ሳምንት ሚዛኑ ካልተመለሰ፥ አብሽ እያፈሉ መጠበቅ አይገባም። በዚያው ቀን ይሂድ። እናቲቱም ጡቷ ቀልቶ ካበጠና ካተኮሳት ትሂድ፤ እስክትደርስም ማጥባቷን አታቋርጥ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም የእንግዴ ልጅ ቅሪት የቀረባት ሴት ወተቷ ሊዘገይ ይችላል፤ ይኸን የሚፈታው ሕክምና እንጂ ሻይ አይደለም። የእርግዝና መከላከያ የምትፈልግም የምታጠባ መሆኗን ትናገር፤ ወተት የሚቀንሱ እንክብሎች ስላሉ ሌላ ይመረጥላታል።

በማጠቃለያው እነዚህን ያዙልን፤

1ኛ/ ወተት የሚጠራው የልጁ አፍ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይጥባ።
2ኛ/ አብሽ፥ እንስላልና አጥሚት ለእናቲቱ ደግ ናቸው፤ በልክ ትጠጣ።
3ኛ/ እስከ ስድስት ወር ለልጁ ጡት ብቻ ይሰጥ።
4ኛ/ እንገር አይደፋ።
5ኛ/ ውኃው ይፍላ፥ ዕቃው ይጽዳ፥ እጅ ይታጠብ።
6ኛ/ ጨርቁ ይቆጠር፥ ልጁ ይመዘን።
7ኛ/ ልጁ ሲደክም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እናቶቻችን፥ አብሽ ማፍላቱን ከእኛ በፊት ታውቁታላችሁ። ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ስኒው ሲሞላ ወደ ማን እንደሚሄድ ተመልከቱ። ይኸን ወረቀት ማንበብ የሚችል ልጅ በቤታችሁ ካለ፥ ለጎረቤት አራስም ያንብብላት። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ጤና ኬላ ብቅ በሉ፤ ሚዛኑም እኛም እዚያው ነን።